ኦቶ ኖይራት

ኦቶ ኖይራት (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1882 – ዲሴምበር 22 ቀን 1945) ኦስትሪያዊ ፈላስፋ፣ የምጣኔ ሀብትና የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር እንዲሁም አይሶታይፕ የተባለው የሥዕል ቋንቋ መሥራች ነበር። በፍልስፍና ታሪክ የቪየና ክበብ ተብሎ የሚጠራው ቡድን አባል በመሆኑ ይታወቃል። በዲዛይን ታሪክ ግን ስሙ የሚነሣው ቁጥሮችንና ማኅበራዊ ጉዳዮችን በቀላል የሥዕል ምልክቶች ለሰፊው ሕዝብ የማስረዳት ዘዴ በመቀየሱ ነው። ዛሬ በአየር ማረፊያ፣ በሆስፒታልና በባቡር ጣቢያ ለሚታዩት ጽሑፍ አልባ ምልክቶች ከዋና ዋና መነሻዎች አንዱ የእርሱ ሥራ ነው።

ኖይራት ሥዕል የቋንቋን ድንበር ይሻገራል ብሎ ያምን ነበር። ሥራው ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ግን ምልክትም እንደ ቃል የተወለደበትን አገር ልብስና ልማድ ይዞ እንደሚመጣ ታየ። አንድ ምልክት ለሁሉም እኩል ሊገባ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከኖይራት ሥራ ጋር እስከ ዛሬ ተያይዞ ይነሣል።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ጊዜና ትምህርት

ኖይራት የተወለደው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ነው። አባቱ ቪልሄልም ኖይራት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ወደ ካቶሊክ እምነት የገባ የምጣኔ ሀብት ምሁር ሲሆን፣ እናቱ ገርትሩድ ኬምፕፈርት ፕሮቴስታንት ነበረች። በቤታቸው ትልቅ የመጻሕፍት ክምችት ስለነበረ ልጁ ማንበብ ከመቻሉ በፊት ሥዕል ያለባቸውን መጻሕፍት እየገለጠ ይመለከት ነበር። በቪየና ሙዚየም የሚገኙት የጥንት ግብፃውያን ሥዕሎችም በልጅነቱ በጣም ይስቡት ነበር። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሰውና ዕቃ ያለ ጥላና ያለ ርቀት ጠፍጠፍ ብለው ይታያሉ፤ አንድ ቅርጽም በተመሳሳይ ሁኔታ ደጋግሞ ይመጣል። ኖይራት በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ የሥዕል ቋንቋውን መነሻ ከእነዚህ የልጅነት ትዝታዎች ጋር አያይዞታል።

በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ሌሎች ትምህርቶችን ከተከታተለ በኋላ ወደ በርሊን ሄዶ በጥንታዊው ዓለም የምጣኔ ሀብት ታሪክ በ1906 የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። በ1907 አና ሻፒሬ የተባለችውን ጸሐፊ አገባ። አና በ1911 ልጃቸው ፓውል ከተወለደ በኋላ ሞተች። በ1912 ኦልጋ ሃንን አገባ። ኦልጋ በወጣትነቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣች የሒሳብና የሎጂክ ምሁር ስትሆን፣ የታዋቂው የሒሳብ ሊቅ የሃንስ ሃን እኅት ነበረች።

ጦርነትና አብዮት

ኖይራት እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ድረስ በቪየና የንግድ ትምህርት ቤት አስተምሯል። በዚሁ ጊዜ በባልካን ጦርነቶች የተነካውን አካባቢ ምጣኔ ሀብት አጥንቷል። ኅብረተሰብ በጦርነት ጊዜ ምርቱንና ፍጆታውን በዕቅድ መምራት ከቻለ በሰላምም ጊዜ ይህንኑ ማድረግ ይችላል ወደሚለው ሐሳብ ያመራውም ይህ ጥናት ነበር። በ1918 በጀርመን ላይፕሲግ ከተማ የተቋቋመው የጦርነት ምጣኔ ሀብት ሙዚየም ዳይሬክተር ሆነ።

በ1919 በባየርን ግዛት የምጣኔ ሀብት ዕቅድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በዚያው ዓመት በሙኒክ የተነሣው አብዮታዊ መንግሥት ሲወድቅ ተይዞ ለፍርድ ቀረበ፤ እስራትም ተፈረደበት። የኦስትሪያ መንግሥት ጣልቃ ገብቶለት ወደ ቪየና ተመለሰ።

ያን ጊዜ ቪየና በረሃብና በመኖሪያ ቤት እጦት የተቸገረች ከተማ ነበረች። ብዙ ነዋሪዎች በከተማዋ ዳርቻ መሬት ይዘው አትክልት እየዘሩ በራሳቸው ጉልበት ቤት ይሠሩ ነበር። ኖይራት የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆነ። በ1923 ማኅበሩ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳየ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ትምህርት ቀጣዩን ሙዚየም ለማቋቋም መንገድ ከፈተ።

የቪየናው ሙዚየም

የኅብረተሰብና የምጣኔ ሀብት ሙዚየም የተመሠረተው በ1925 ነው። ወጪውን በዋናነት የሸፈነው በሶሻል ዴሞክራቶች ይመራ የነበረው የቪየና ማዘጋጃ ቤት ሲሆን የሠራተኞች ድርጅቶችም ደጋፊዎቹ ነበሩ። ሙዚየሙ እንደ ሌሎቹ ሙዚየሞች ብርቅ ዕቃ አልሰበሰበም። ይዞት የቀረበው የከተማዋን ኑሮ ነበር፤ ስንት ሕፃን ተወለደ፣ ስንቱ ሞተ፣ የሳንባ ነቀርሳ በየትኛው ሰፈር በዛ፣ ከተማው ስንት ቤት ሠራ፣ የግብሩ ገንዘብስ ለምን ዋለ የሚሉት ጥያቄዎች በሥዕል ይመለሱ ነበር። ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ መጥተው እንዲያዩ ምሽት ላይና በበዓል ቀን ይከፈት ነበር።

የዚህ አሠራር ዓላማ ፖለቲካዊ ነበር። ኖይራት አንድ ዜጋ ስለ አገሩ ጉዳይ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ የአገሩን አኃዝ ማወቅ አለበት ብሎ ያስብ ነበር። ይሁን እንጂ በቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ ብዙ ያልተማረውን ሰው ያርቀዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ራሱ ሰው፣ ቤት፣ ላም ወይም መርከብ ሆኖ መታየት ነበረበት። ይህ ዘዴ መጀመሪያ የቪየና የሥዕል ስታቲስቲክስ ዘዴ ተባለ።

የአሠራሩ ሕጎች

ከዘዴው ሕጎች ዋነኛው ብዛትን በምልክት ትልቀት አለመግለጽ ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው ትልቅ ቁጥርን በትልቅ ሰው፣ ትንሽ ቁጥርን በትንሽ ሰው ሥዕል ማሳየት ነበር። ይህ ተመልካቹን ያሳስታል፤ ምክንያቱም አንድ ሥዕል ቁመቱም ስፋቱም በእጥፍ ሲያድግ የሚይዘው ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል። ኖይራት በዚህ ፋንታ እኩል የሆኑ ምልክቶችን በረድፍ ደረደረ። እያንዳንዱ ምልክት የተወሰነ መጠን ስለሚወክል ተመልካቹ ረድፉን ቆጥሮ ራሱ ማመሳከር ይችላል።

በእንግሊዝ አገር የሽመና ሥራ ከቤት ወደ ፋብሪካ ሲሸጋገር የሚያሳየው ሰንጠረዥ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ሥራ አንድ የሰው ምልክት 10,000 ሸማኔዎችን ይወክላል። ዓመታቱ እየገፉ ሲሄዱ የቤት ውስጥ ሸማኔዎች ረድፍ እያጠረ መጥቶ ይጠፋል፤ የተመረተው ጨርቅ ደግሞ ይበዛል። አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይነበብ አንድ ሙያ እንዴት እንደ ከሰመ ይታያል።

ሌሎቹ ሕጎችም ከዚሁ ይመነጫሉ። አንድ ምልክት በሁሉም ሥራዎች አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል። ቀለም ለጌጥ አይውልም፤ ትርጉም ይዞ ይመጣል። ሩቅ ያለው ነገር አንሶ እንዳይታይ ሥዕሉ ርቀትን አያሳይም። ለመለየት የማያስፈልግ ዝርዝር ሁሉ ይወጣል። ምልክቶች እንደ ቃላት ይጣመራሉ፤ የጫማ ምልክት ከፋብሪካ ምልክት ጋር ሲቀናጅ የጫማ ፋብሪካ ይሆናል። ኖይራት አንድ ሥዕል በሦስት እይታ ማለቅ አለበት ይል ነበር። በመጀመሪያው እይታ ዋናው ነገር፣ በሁለተኛው ተከታዩ፣ በሦስተኛው ዝርዝሩ ይታያል። ለአራተኛ እይታ የሚተርፍ ነገር ካለ ሥዕሉ ከብዷል ማለት ነው።

የሥራ ባልደረቦች

አይሶታይፕ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በ1924 ቪየናን ለመጎብኘት የመጣችው ጀርመናዊት ተማሪ ማሪ ራይደማይስተር ከኖይራት ጋር ተዋውቃ ከሙዚየሙ ምሥረታ ጀምሮ አብራው ሠራች። የእርሷ ድርሻ በምሁሩና በሠዓሊው መካከል መቆም ነበር። ምሁሩ የሰበሰበውን አኃዝ ትመረምራለች፤ ለተመልካቹ የሚጠቅመውን ትመርጣለች፤ በምን ዓይነት አደራደር እንደሚታይ በእርሳስ ትነድፋለች። ቡድኑ ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው ቀያሪ እያለ ይጠራው ነበር። ቀያሪው በሥራ ክፍሉ ውስጥ የሕዝቡ ጠበቃ እንደ ሆነ ይቆጠር ነበር።

ምልክቶቹን በመቅረጽ ስሙ የገነነው ጀርመናዊው ሠዓሊ ጌርድ አርንትስ ነው። አርንትስ ከ1928 ጀምሮ ከሙዚየሙ ጋር የሠራ ሲሆን በዘመኑ ወደ 4,000 የሚጠጉ ምልክቶችን እንደ ቀረጸ ይነገራል። በ1930 ቡድኑ «ኅብረተሰብና ምጣኔ ሀብት» የተባለውን 100 የሥዕል ሰንጠረዦች የያዘ አትላስ በላይፕሲግ አሳተመ።

በዚሁ ዘመን ኖይራት በቪየና ክበብ ውስጥ ንቁ ተሳታፊ ነበር። ክበቡ ዓላማውን የገለጸበትን የ1929 ጽሑፍ ካዘጋጁት አንዱ ነው። የክበቡ አባላት ትርጉም የሌላቸውን አባባሎች ከሳይንስ ቋንቋ ለማጥራት ይጥሩ ነበር። ኖይራት በፍልስፍና ግልጽ ቋንቋ መፈለጉና በሙዚየሙ ግልጽ ሥዕል መፈለጉ ከአንድ ሐሳብ የመነጩ ነበሩ።

ሞስኮ

የቪየናው ዘዴ ዝና ከኦስትሪያ ውጭ ሲሰማ የሶቪየት መንግሥት ፍላጎት አሳየ። በ1931 በሞስኮ ኢዞስታት የተባለ የሥዕል ስታቲስቲክስ ተቋም ተመሠረተ። ኖይራትና ባልደረቦቹ በውል መሠረት በየጊዜው ወደዚያ እየሄዱ የተቋሙን ሠራተኞች አሠለጠኑ። የኢዞስታት ሥራዎች በአብዛኛው የአምስት ዓመቱን ዕቅድ ስኬት የሚያሳዩ ነበሩ።

ይህ ወቅት የዘዴውን አንድ ደካማ ጎን አጋለጠ። የሥዕል ሰንጠረዥ ግልጽና ቀላል ስለሆነ ተመልካቹ በቀላሉ ያምነዋል፤ ከበስተኋላው ያለው ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን ግን ሥዕሉ ራሱ አይናገርም። ዜጋን ለማንቃት የተፈለሰፈው ምልክት ለመንግሥት ቅስቀሳም እኩል አገለገለ። ውሉ በ1934 አበቃ።

ስደት ወደ ሄግና የአይሶታይፕ ስያሜ

በፌብሩዋሪ 1934 በኦስትሪያ የእርስ በርስ ውጊያ ተነሥቶ የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ ታገደ። ኖይራት በዚያን ጊዜ ሞስኮ ነበር። ወደ ቪየና ቢመለስ እንደሚታሰር ስላወቀ በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ ኔዘርላንድ ሄደ። ማሪ ራይደማይስተር፣ አርንትስና ሌሎች ባልደረቦችም ወደ ሄግ ከተማ ተከተሉት። ኦልጋ ሃን በ1937 በሄግ አረፈች።

ቪየናን ለቅቀው የወጡ ሰዎች ዘዴያቸውን በቪየና ስም መጥራታቸው ትርጉም አልነበረውም። በ1935 ማሪ አይሶታይፕ የሚለውን ስም ፈጠረች። ስሙ ዓለም አቀፍ የኅትመት ሥዕል ትምህርት ሥርዓት የሚል ትርጉም ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፤ በግሪክኛ ደግሞ እኩል ምልክት የሚል ስሜት ይሰጣል።

በ1936 ኖይራት «ዓለም አቀፍ የሥዕል ቋንቋ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ቻርልስ ኦግደን ባዘጋጀውና 850 ቃላት ብቻ ባሉት ቀላል እንግሊዝኛ ነበር። በዚህ መጽሐፍ ኖይራት ለሥዕል ቋንቋ ወሰን አበጅቶለታል። አይሶታይፕ የንግግር ቋንቋን አይተካም፤ ስሜትን ለመግለጽም ሆነ ሐሳብ ለሐሳብ ለመከራከር አያገለግልም፤ በጠባብ ክልሉ ውስጥ ግን ለሌሎች ቋንቋዎች ረዳት ይሆናል። ብዙ ሰዎች ኖይራት ቃልን በሥዕል ሊተካ እንደ ፈለገ አድርገው ስለሚጽፉ ይህ ወሰን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የምልክቶቹ ባህላዊ መሠረት

የአይሶታይፕ ምልክቶች ለሁሉም ሕዝብ እንዲሆኑ ቢታሰቡም የተሳሉት በመካከለኛው አውሮፓ ከተሞች ነው። የተራ ሰው ምልክት ሱሪ የለበሰ ወንድ ሲሆን ሴት በቀሚሷ ትለያለች። ሥራ አጥ ሰው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የቆመ ወንድ ሆኖ ይሳላል። በ1930ዎቹ የቪየናን ወይም የበርሊንን ጎዳና ለሚያውቅ ሰው የዚህ ምልክት ትርጉም ወዲያው ይገባዋል። ኪስ ያለው ልብስ በማይዘወተርበት አገር ግን የእጁ አቀማመጥ ምንም አይነግርም። ሞት በሬሳ ሣጥን ይመለከት ነበር፤ ብዙ ሙስሊሞች ግን ሟቻቸውን የሚቀብሩት በከፈን ጠቅልለው ነው። ቀለምም እንደዚሁ ነው፤ በአውሮፓ ጥቁር የሐዘን ቀለም ሲሆን በብዙ የምሥራቅ እስያ አካባቢዎች ነጭ ከሐዘን ጋር ይያያዛል።

ሥዕልን ማንበብ የሚለመድ ነገር መሆኑን ከኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ማየት ይቻላል። በዚህ ትውፊት ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጎን በኩል አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሳላሉ። ትውፊቱን ለሚያውቅ ሰው የፊት አቅጣጫ ራሱ ፍርድ ነው። ለማያውቀው ግን የአሳሳል ምርጫ ብቻ ይመስላል።

በኋለኞቹ ዘመናት ከሁሉ በላይ ትችት የደረሰባቸው የዓለምን ሕዝቦች የሚወክሉት ምልክቶች ናቸው። ኖይራትና አርንትስ የሰውን ልጅ በአምስት ቡድኖች ከፍለው በቀለምና በራስ ላይ በሚደረግ ባርኔጣ ወይም መሸፈኛ ለይተዋቸዋል። ዓላማው የሕዝብን ብዛት ከአህጉር አህጉር ለማነጻጸር ነበር። ሁሉም ምልክቶች በቁመት እኩል ነበሩ፤ አንዱ ቡድን ከሌላው በላይ አልተደረገም። ኖይራት ራሱ የዘር የበላይነትን አስተሳሰብ የተቃወመና በናዚዎች ምክንያት የተሰደደ ሰው ነበር። ሆኖም ሚሊዮኖችን በአንድ ቀለምና በአንድ ባርኔጣ መወከል ተመልካቹ አስቀድሞ የያዘውን ግምት ያጠነክራል። የተሣሉት ሕዝቦችም እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ አልተጠየቁም።

ወደ እንግሊዝ መሸሽና የመጨረሻ ዓመታት

በሜይ 1940 የጀርመን ጦር ኔዘርላንድን ሲወር ኖይራትና ማሪ ከሄግ አጠገብ ካለው የስኬቬኒንገን ወደብ በአንዲት የነፍስ አድን ጀልባ ላይ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ተጭነው ወደ ባሕሩ ወጡ። የእንግሊዝ የጦር መርከብ አግኝታ ወደ እንግሊዝ አገር አደረሰቻቸው። አርንትስ በሄግ ቀረ። በእንግሊዝ የጠላት አገር ዜጎች ተብለው ተይዘው በማን ደሴት ታሰሩ። በ1941 መጀመሪያ ተፈትተው በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ በኦክስፎርድም መኖር ጀመሩ። በ1942 የአይሶታይፕ ተቋምን መሠረቱ።

በጦርነቱ ዓመታት ተቋሙ ከዳይሬክተሩ ፖል ሮታ ጋር በመሆን ለዘጋቢ ፊልሞች ተንቀሳቃሽ የሥዕል ሰንጠረዦችን ሠራ። ስለ ዓለም የምግብ ሁኔታ የሚናገረው የ1943ቱ «የጥጋብ ዓለም» ከእነዚህ ፊልሞች አንዱ ነው። በ1945 ደግሞ የቢልስተን ከተማ ምክር ቤት በአሮጌ ሰፈሮች ፋንታ አዲስ ቤቶችን ለመሥራት ሲነሣ ኖይራትን አማካሪ አደረገው።

በእነዚህ ዓመታት ኖይራት ዕውቀትን ለሕዝብ ስለማድረስ ሁለት መንገዶችን ለይቶ ይጽፍ ነበር። አንደኛው ከምሁሩ ዕውቀት ተነሥቶ ውስብስቡን እየቀነሱ ወደ ታች ማውረድ ነው። ሁለተኛው ከተመልካቹ ኑሮና ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ አዲሱ መውጣት ነው። እርሱ የመረጠው ሁለተኛውን ነበር። ይህ ምርጫ ለአሠራሩ ትልቅ ትርጉም አለው፤ መነሻው ተመልካቹ ከሆነ ተመልካቹ ሲለወጥ ሥዕሉም መለወጥ አለበትና።

ኖይራት ዲሴምበር 22 ቀን 1945 በኦክስፎርድ ድንገት ሞተ። ዕድሜው 63 ነበር። በዚያን ጊዜ ይጽፈው የነበረው የሕይወት ታሪኩ ሙሉ ሆኖ የታተመው በ2010 ነው።

ማሪ ኖይራትና ምዕራብ አፍሪካ

ከኖይራት ሞት በኋላ ተቋሙን የመራችው ማሪ ናት። ብዙ የልጆች መጻሕፍትን አዘጋጅታለች። ለአይሶታይፕ ትልቁን ፈተና ያመጣው ግን ከ1952 እስከ 1958 በጎልድ ኮስት፣ በሴራሊዮንና በምዕራብ ናይጄሪያ የተደረገው ሥራ ነው። ጎልድ ኮስት በ1957 ነፃ ወጥታ ጋና የተባለችው አገር ናት። ሥራው በስፋት የተካሄደው ግን በምዕራብ ናይጄሪያ ነበር።

የምዕራብ ናይጄሪያ ክልል መንግሥት በኦባፌሚ አዎሎዎ ይመራ ነበር። ክልሉ አሁንም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ቢሆንም ራሱን በራሱ ወደ ማስተዳደር እየተጓዘ ነበር። በጃንዋሪ 1955 መንግሥቱ ነፃ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ጀመረ። ትምህርቱን፣ ጤናውንና እርሻውን የሚመለከቱ ዕቅዶች ለሕዝቡ መገለጽ ነበረባቸው። ሕዝቡ የሚከፍለው ግብር ለምን እንደሚውልም ማወቅ ነበረበት። ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ ገና ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። የቪየናው ሙዚየም በ1925 የተነሣበት ጉዳይ በሌላ አህጉር እንደገና ቀረበ።

ከቪየና የመጡት ምልክቶች ግን እንዳሉ ሊሠሩ አልቻሉም። ማሪ ወደ ክልሉ ተጉዛ የሰዉን አለባበስ፣ የቤቱን አሠራር፣ የእርሻውን ዓይነትና የገበያውን ሁኔታ ተመለከተች። ረቂቆቿንም ለአካባቢው ሰዎች እያሳየች ትጠይቅ ነበር። የሰው ምልክቶች የአካባቢውን ልብስ ለበሱ፤ ቤቶቹ የአካባቢውን ቤት መሰሉ። ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለእርሻና ለግብር የተዘጋጁ ትንንሽ መጻሕፍትና ፖስተሮች ታተሙ። ከአሮጌው አሠራር የተጠበቀው ሕጉ ነበር፤ እኩል ምልክት፣ ትርጉም ያለው ቀለም፣ የተቆጠረ ብዛት።

ለውጡ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም። ግብር ክፈል፣ ልጅህን ትምህርት ቤት ስደድ፣ ውኃህን አፍላ የሚል ሥዕል ተመልካቹን ካልመሰለ የሌላ አገር ጉዳይ ሆኖ ይታያል። በሌላ በኩል መልእክቱን የወሰነው መንግሥት እንጂ ሥዕሉን የሚያየው ገበሬ አልነበረም። ስለዚህ የምዕራብ አፍሪካው ሥራ ለባህል በተደረገው ጥንቃቄ ቢመሰገንም ከሥልጣን ጥያቄ ነፃ እንዳልነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ያመለክታሉ።

ማሪ በ1971 የተቋሙን ሰነዶች ለእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ አስረከበች። በ1986 ለንደን ውስጥ ሞተች።

ትሩፋት

የአይሶታይፕ ተጽዕኖ ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ መገልገያ ምልክቶች ይታያል። ከየአገሩ የሚመጡ እንግዶችን በአንድ ቋንቋ መምራት አስቸጋሪ በነበረበት በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለስፖርት ዓይነቶችና ለአገልግሎት ቦታዎች የተሟላ የምልክት ስብስብ ተዘጋጀ። በ1974 የአሜሪካ ግራፊክ ጥበባት ተቋም ከአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጋር በመሆን ለመጓጓዣ ጣቢያዎች 34 ምልክቶችን አወጣ። በ1979 ቁጥሩ 50 ደረሰ። በብዙ አገሮች የመጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚለጠፉት የወንድና የሴት ምልክቶች ከዚህ ቤተሰብ የመጡ ናቸው።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለሕዝብ መረጃ የሚውሉ ምልክቶችን ሲያወጣ አንድ ምልክት በትክክል ይገባ እንደ ሆነ በሰዎች ላይ የሚፈተንበትን አሠራርም ደንግጓል። ይህ አሠራር ከኖይራት የመጀመሪያ ተስፋ አንድ እርምጃ ይለያል፤ የምልክት ግልጽነት ከሠዓሊው ጠረጴዛ ላይ እንደማይታወቅና ተመልካቹ ሊጠየቅ እንደሚገባ ይቀበላል።

ስለ አምስቱ የሰው ምልክቶች የተነሣው ክርክርም አላበቃም። በ2015 በስልክና በኮምፒዩተር የሚላኩት የኢሞጂ ሥዕሎች አምስት የቆዳ ቀለም አማራጮች እንዲኖሯቸው ተደረገ። ቁጥሩ ከኖይራት ቡድኖች ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ዋናው ልዩነት ቀለሙን የሚመርጠው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በአትላሱ ላይ የሰዎችን ቀለምና ባርኔጣ የመረጡት ሠዓሊውና ምሁሩ ነበሩ፤ በስልኩ ላይ የሚመርጠው ምልክቱን የሚልከው ሰው ራሱ ነው።